ለወተት ሻጮች ጥላ የለመንኩበት ፎርም

ባሕር ማዶ የቆየሁት ስድስት ሳምንት ነው። ከተማዬ ከሚሴ ግን ስድስት ዓመት ተምሬ እንደመጣሁ አድርጋ ተቀበለችኝ። ለመምህራን በተዘጋጀ የልውውጥ ፕሮግራም ሄጄ አንድ የምስክር ወረቀት፣ ሁለት ወፍራም ሹራብና ብዙ ምክር ይዤ ተመለስኩ። ሹራቦቹ ለእኛ ሙቀት ምን እንደሚሠሩ አላህ ይወቅ። ምክሩም ከሹራቡ ብዙ አልተሻለኝም። የጠቀመኝ ከወራት በኋላ የደረሰኝ ኢሜይል ነው፤ የፕሮግራሙ የቀድሞ ተሳታፊዎች ለአካባቢያቸው ሕዝብ የሚበጅ ፕሮጀክት ካቀረቡ የገንዘብ ድጋፍ ያገኛሉ ይላል።

ፕሮጀክት ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። ያሳደገችኝ አክስቴ ወተት ሻጭ ናት። ከሌሎች አሥራ ሁለት ሴቶች ጋር በየማለዳው ከጨፋ በኩል ጀሪካኗን ይዛ ትመጣና በደሴ መንገድ ዳር ትቀመጣለች። እዚያ ዛፍ የለም፣ ግድግዳ የለም፣ ያለው ፀሐይ ብቻ ነው። ስድስት ሰዓት ሲቃረብ ወተቱ ከሙቀቱ የተነሳ መበላሸት ይጀምራል፤ ሻይ ቤቶቹም "ዛሬስ ይቅርብን" ይላሉ። እኔ ያሰብኩት የቆርቆሮ ጥላ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበርና አንድ የውሃ በርሜል ነበር። ይኸው ነው።

ፎርሙ "ችግሩን በዝርዝር ግለጹ" ይላል። በልውውጥ ፕሮግራሙ ሥልጠና ላይ፣ የሚያነበው ሰው ልቡ ካልተነካ ገንዘቡ አይመጣም ብለውናል። እኔም የሰው ልብ ለመንካት ቆርጬ ተነሳሁ። ስሟን ሳልጠራ አክስቴን ጻፍኳት። ወገቧን አጎበጥኩት፣ ዓይኗን በእንባ ሞላሁት። አክስቴ በሕይወቷ የተቀደደ ሻሽ አስራ ገበያ ወጥታ አታውቅም፤ እኔ ግን በእንግሊዝኛ ቀደድኩባት። ጽፌ ስጨርስ ራሴም አለቀስኩ። እውነቱን ለመናገር ያስለቀሰኝ ኀዘኑ አልነበረም፤ አጻጻፌ ነው።

ማመልከቻው የመጀመሪያውን ዙር አለፈ። ሁለት ሰዎች ቦታውን ሊያዩ ይመጣሉ ተባለ። ወዲያው ሴቶቹ ዘንድ ሄጄ አስጠነቀቅኳቸው።

"ምንም እንዳታደርጉ። እንደ ሁልጊዜው ተቀመጡ። ችግራችሁን ሲጠይቋችሁ ሳትደብቁ ንገሯቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።"

"አብሽሪ ኢንተሎ" አለችኝ አክስቴ። በኦሮምኛ "አንቺ ልጅ" እንደማለት ነው፤ እንዲህ የምትለኝ ገና ልጅ መሆኔን ልታስታውሰኝ ስትፈልግ ነው። "እኛ ሰው መቀበል ይጠፋናል እንዴ?"

ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

በቀጠሮው ቀን ከአዲስ አበባ የመጣችውን ኃላፊና አብሯት ያለውን ሽበታም ፈረንጅ ይዤ፣ መንገዱን ሁሉ ስለ ፀሐዩ ጭካኔ እያወራሁ ቦታው ደረስኩ። ፀሐይ የለም። ሰፊ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ሐዘን ሲደርስ ድንኳንና ወንበር የሚያወጣው የመንደራችን ቅሬ ንብረት ነው፤ አየሁና አወቅኩት። ከሥሩ ምንጣፍ ተነጥፏል። አሥራ ሦስቱ ሴቶች የዒድ ልብሳቸውን ለብሰው ቆመዋል።

"አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ! ግቡ፣ ግቡ! መንገዱ አልጎዳችሁም?"

እንግዶቹ ተቀመጡ። ፀሐይ ገና ያላሞቀው ወተት በጣሳ ቀረበላቸው። እኔ አክስቴን ወደ ዳር ጎትቼ በጆሮዋ "ይሄ ድንኳን ምንድን ነው?" አልኳት።

"እንግዳ ፀሐይ ላይ ላስቀምጥልሽ? ያሳደግኩሽ እኔ አይደለሁም?"

ኃላፊዋ ደብተሯን ገልጣ "እናቶች፣ ያለባችሁን ችግር ብትነግሩን" አለች።

"ምን ችግር አለ? አልሐምዱሊላህ!" አለች አክስቴ። "ዝናቡ ደህና ነው፣ ከብቱም ደህና። እናንተስ? እናት አባት ደህና ናቸው?"

ይህ ሲተረጎምለት ፈረንጁ በየዋህነት እናቱን ጉልበቷን እንደሚያማት ተናገረ። በቃ! አሥራ ሦስቱም እጃቸውን ዘርግተው ለዚያች ለማያውቋት ሴት ጉልበት ዱዓ አደረጉ። "አሚን! አሚን!" ሰውየውም ሳይገባው "አሚን" ይላል። የእኔ ፕሮጀክት ግን የሚጸልይለት አጥቶ እዚያው እየሞተ ነበር።

"ጥላ አላችሁ ማለት ነው?" አለች ኃላፊዋ።

"አለን!" አሉ በአንድ ድምፅ። እሷም ጻፈች።

ይህን ጊዜ ደሜ ፈላ። ፎርሙን ከቦርሳዬ መዝዤ አወጣሁና ወደ አማርኛ እየመለስኩ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የጎበጠው ወገብ፣ የተቀደደው ሻሽ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት ሴት፣ አንዱንም አላስቀረሁም። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ አሉ። አንዷ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እሰይ፣ አሁን ገባቸው አልኩ።

"ያ ረቢ!" አለች አክስቴ። "ይህች ምስኪን የት ነው ያለችው? ልጅ እንኳ የላትም?" ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞረች። "ብሩን ለእሷ ስጧት። እኛ እንደምንም እንሆናለን።"

"ወላሂ ለእሷ ይሁን!" አሉ ሌሎቹም።

"አክስቴ፣ አንቺ ነሽ እኮ" አልኳት።

"እኔ?"

እጇን ወደ ሻሿ ሰደደች፤ ዳበሰችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ተቆጥታ ብትጮህብኝ በወደድኩ ነበር። ልጅ እንኳ የላትም ወይ ብላ የጠየቀችላት የዚያች ምስኪን ልጅ እኔ ነበርኩ፤ የጻፍኳትም እኔው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እናቴ፣ ይሄ ድንኳን ነገም እዚህ ይኖራል?"

"ነገማ ለቅሬው ይመለሳል።"

"ታዲያ እናንተ ነገ የት ትቀመጣላችሁ?"

"እዚሁ ነዋ፣ ፀሐዩ ላይ" አለች አክስቴ፤ ለእሷ ነገሩ ግልጽ ነበር።

ኃላፊዋ ደብተሯ ላይ የጻፈችውን ሰረዘች። ስትሄድ ወደ እኔ ጠጋ ብላ "አንድ ሳምንት ሰጥቼሻለሁ፤ እንደገና ጻፊው። እዚህ ያገኘናቸው ሴቶች ወረቀቱ ላይ የሉም" አለችኝ።

አንባቢ እንዳይጨነቅ ከወዲሁ ልናገር፤ ድጋፉ ተፈቅዷል፣ ጥላውም ተሠርቷል። እኔን ያስጨነቀኝ የማግስቱ ጠዋት ነው። ፎርሙን ይዤ ፀሐዩ ላይ፣ አክስቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ይቅርታ ጠየቅኳት። ለሻይ ቤት ሠራተኛ ወተት መለካቷን ቀጠለች። ሰውየው ከሄደ በኋላ ጀሪካኗን ከደነች።

"እስቲ ምን ይላል?"

"ችግሩን ግለጹ ይላል።"

"ፀሐይ ብለሽ ጻፊ።"

"ፀሐይ ብቻ? እሱማ አይበቃም፣ ስለ እናንተም የሆነ ነገር..."

"ኢንተሎ፣ ችግሩ ፀሐዩ ነው። እኛ አይደለንም።"