እኔ ቆስጣ መስሎኝ

ባለፈው ዓርብ፣ እዚህ ሳዑዲ ቱቅባ በሚባለው ሰፈር፣ የወንድሜ ልጅ ከጓደኞቿ ጋር በተከራየችው ቤት ምሳ ስንሠራ፣ ከመጣች ወር ያልሞላት አንዲት የወረባቦ ልጅ ሁሉም ለምን "ኢስባኒያ" እያለ እንደሚጠራኝ ጠየቀችኝ። ኢስባኒያ በአረብኛ የስፔን ሴት ማለት ነው። እኔ አፌን ሳልከፍት ሌሎቹ መሳቅ ጀመሩ፤ ታሪኩን ስንት ጊዜ ሰምተውታል። ለእሷ ግን ከመጀመሪያው ነገርኳት። ስነግራት የረሳኋቸው ነገሮች አንድ በአንድ መጡና፣ ኮበር ወደምሠራበት ቤት ከተመለስኩ በኋላም አልለቀቁኝም።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ደማም፣ አል ፈይሰሊያ፣ አንድ ቤት ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። ሦስት ወር እስኪሞላ የሙከራ ጊዜ ስለሆነ ካልወደዱኝ ላስመጣኝ ቢሮ ሊመልሱኝ ይችላሉ። የተመለሰችን ልጅ ቢሮው ደግሞ የት እንደሚልካት አይታወቅም። ስለዚህ ገባኝም አልገባኝም ለማዳም መልሴ አንድ ነበር፤ "አይዋ ማዳም"፣ አዎ ማዳም። አንድ ቀን ልጆቹ ተኝተው እንደሆነ ስትጠይቀኝ አይዋ አልኳት። ልጆቹ ከኋላዋ ቆመው ያዩኛል።

ማዳም ክፉ ሴት አልነበረችም። አስተማሪ ናት፤ ቀጭን፣ ችኩል፣ ንግግሯ የሚጣደፍ። እኔ ከመምጣቴ በፊት ከባሏ ጋር ስፔን ደርሳ ተመልሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ስፔን ጎዳና፣ ስለ ስፔን ወይራ፣ ስለ ስፔን ድንች ሳታወራ የዋለችበት ቀን የለም ይባላል። ይህን ሁሉ ግን እኔ የሰማሁት ኋላ ነው። ቀድሜ ሰምቼው ቢሆን ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር።

መስከረም ላይ ነው። የደማም መስከረም ገና እሳት ነው፤ ከባሕሩ የሚመጣው እርጥበት የኩሽናውን መስኮት ከውጭ በኩል ላብ በላብ ያደርገዋል። ሰሃን እያጠብኩ ማዳም ስልኳን በጆሮዋ እንደያዘች ገባችና፣ ዓርብ አማቷና የባሏ እህት ለምሳ እንደሚመጡ ነገረችኝ። ቀጥላ "ኢስባኒ"፣ የስፔን ምግብ ማለቷ ነው፣ መሥራት እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ የሰማሁት "ሰባኒኽ" ነው። ሰባኒኽ ደግሞ ቆስጣ ነው። ከሁለት ወር በኋላ በደንብ የማውቃቸው የአረብኛ ቃላት የአትክልት ስሞች ብቻ ነበሩና ደስ አለኝ።

"አይዋ ማዳም፣ በደንብ እችላለሁ" አልኳት።

ስልኩን ከጆሮዋ አወረደችው። "ከየት ተማርሽው?"

"ከእናቴ።"

"በሀገራችሁ ኢስባኒ አለ?"

"ብዙ አለ። ክረምት ሲሆንማ በየጓሮው ነው።"

ማዳም ከእግር እስከ ራስ አየችኝ። ክረምት ክረምት ወሎን ስፔኖች የሚያጥለቀልቋት ሳይመስላት አልቀረም። በአክብሮት አንገቷን ነቀነቀች፤ ወዲያው ለአማቷ ደውላ፣ ሠራተኛዋ የስፔን ምግብ ከእናቷ የተማረች መሆኗን አበሰረች። የሚያስፈልገኝን ለሹፌሩ እንድነግረውም አዘዘችኝ። ስምንት እስር ቆስጣ አዘዝኩ። ሹፌሩ ቤቱ በግ ገዝቶ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ዓርብ ከጠዋት ጀምሬ ስለቅምና ስከትፍ አረፈድኩ። አንዱን ቆስጣ ከሩዝ ጋር ሠራሁት። አንዱን በሊጥ ጠቅልዬ እንደ ሳምቡሳ ጠበስኩት። ሦስተኛው ላይ ሐሳብ አለቀብኝ፤ ለሌላ ነገር የተቀቀለ ሽምብራ ነበርና እሱን ጨመርኩበት። ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙን፣ ከሻንጣዬም ትንሽ በርበሬ። ውሃ በዝቶበት ቀጠነብኝ። ደረቅ ዳቦ በወይራ ዘይት ጠብሼ፣ ወቅጬ በተንኩበትና ወፈረ። ማዳም ፀጉሯን እያስተካከለች በበሩ ብቅ ብላ አሸተተችና ፊቷ በርቶ ተመለሰች። ድስቶቹን አልከፈተችም።

እንግዶቹ ተቀምጠው ሳህኖቹን ደረደርኩ። ማዳም አንደኛውን ክዳን አነሳች፤ አረንጓዴ። ሁለተኛውን አነሳች፤ አረንጓዴ። ሳምቡሳውን ቆረሰችው፤ ውስጡ አረንጓዴ። ፊቷ ሲለዋወጥ ሳይ አንድ ነገር እንደተበላሸ ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ጨው የረሳሁ መሰለኝ። የማዳም አማት ሐጃ ወፍራም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ሁሉንም ሳህን በየተራ አዩና ወደ ምራታቸው ዞሩ።

"ስፔን ድረስ ሄዳችሁ የበላችሁት ይህንን ነው?" አሉ። "ሰባኒኽማ እዚህም ነበረን።"

ያን ጊዜ ነው ሁለቱ ቃላት በጆሮዬ ውስጥ የተለያዩት። ሻንጣዬ ታየኝ፤ የቢሮው ወንበር ታየኝ። ማዳም አንገቷን ደፍታ የናፕኪኑን ጫፍ ታጥፋለች።

የባሏ እህት ኑራ ግን ርቧት ነበር መሰለኝ ወሬውን ሳታዳምጥ ሽምብራ ያለበትን በዳቦ ጠቅልላ ጎረሰች። ደገመች። ከዚያ ይህን ማን እንደሠራው ጠየቀች። የራሷ ባል ሲማር ሁለት ዓመት ደቡብ ስፔን ተቀምጣ ነበር ለካ። ጎረቤቷ የነበረች አሮጊት ይህንኑ እንደምትሠራ፣ ቆስጣ፣ ሽምብራ፣ ከሙን፣ የተጠበሰ ዳቦ ሳይቀር እንደምታደርግበት ተናገረች። ሆቴል ውስጥ የማይገኝ የቤት ምግብ ነው አለች። ሐጃ ይህን ሲሰሙ ሳህናቸውን ገፋ አደረጉ፤ እንዲጨመርላቸው። ማዳም ቀና አለች።

"ነግሬያችኋለሁኮ፣ ትችላለች" አለች።

ኋላ ኩሽና ተከትላኝ መጥታ በሩን ዘጋች። ያኔ የጠየቅኩሽ ምን ነበር፣ ድገሚልኝ አለችኝ። "ሰባኒኽ" አልኩ ወለሉን እያየሁ።

"በየጓሮው ያልሽውስ?"

"ቆስጣ ነው ማዳም።"

ሻርፗን ፊቷ ላይ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አስለቀስኳት ብዬ ደነገጥኩ። ሻርፑን ስታነሳ ዓይኖቿ በሳቅ እንባ ሞልተዋል። በዚህ መሃል ኑራ ገባች። እውነቱን ስትሰማ እሷም ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች፤ ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ማዳም የፈለገችውን እውነተኛውን የስፔን ምግብ ታሳየን ጀመር። ድንች በስሱ ይከተፋል፤ ከሽንኩርት ጋር በወይራ ዘይት፣ በዝግታ፣ ሳይቀላ ይበስላል። የተመታ እንቁላል ይገባበታል። ሥሩ ሲረጋ ሳህን ተከድኖበት ይገለበጣል። ይኸው ነው። ቅመም የለው፣ ሥጋ የለው። ይህንንማ ደሴም እንችለው ነበር ብዬ በልቤ ታዘብኩ።

ማዳም እኔ ልገልብጥ አለች። ግማሹ ሳህኑ ላይ፣ ግማሹ ምድጃው ላይ አረፈ። ሳህኑ ላይ የቀረውን ሦስታችንም ቆመን በዳቦ በላነው። ማዳም ኩሽና ውስጥ ከእኔ ጋር ስትበላ የመጀመሪያዋ ነበር። ድንቹ ለስላሳ፣ እንቁላሉ መሃሉ ገና ያልጠነከረ፣ የወይራው ዘይት ጣት ላይ የሚቀር። እንደዚያ የሚጣፍጥ ነገር እዚህ ሀገር ከመጣሁ አልቀመስኩም ነበር፤ ምናልባት ሳልፈራ የበላሁት የመጀመሪያው ምግብ ስለሆነ ይሆናል።

እዚያ ቤት ስድስት ዓመት ኖርኩ። ሐጃ በመጡ ቁጥር ቆስጣ በሽምብራ ያዝዛሉ፤ ምራታቸውን ይወቅሱበት የነበረው ስፔንም የራሳቸው ሀገር እስኪመስል ድረስ ያወሩለት ጀመር። ቤተሰቡ ወደ ሪያድ ሲዛወር ማዳም ለሚቀጥሉኝ ሰዎች በጻፈችልኝ ደብዳቤ የስፔን ምግብ ባለሙያ ብላ አሰፈረች። ስትጽፍ አልሳቀችም፤ እኔም አላረምኳትም።

ያቺን የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሳስባት አሁን ታሳዝነኛለች። የፈራችው ማዳምን አልነበረም፤ "አልገባኝም" የምትለዋን አንዲት ቃል ነው። ዕድል ባይረዳት ኖሮ ለአንድ ቃል ስትል ወደ ቢሮው ትመለስ ነበር። ዛሬ ሃምሳ ሊሞላኝ ነው፤ ያልገባኝን እጠይቃለሁ፣ አላፍርም። ባለፈው ሳምንት ክሊኒክ ሄጄ ዶክተሯ ለደም ግፊቴ ምን መቀነስ እንዳለብኝ ስትነግረኝ፣ ምናልባት ተሳስቼ ሰምቼ እንደሆነ ብዬ ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ሦስቱንም ጊዜ ጨው ነው ያለችው።