የጭንቅላቴ ልክ

ልጅ ሳለሁ ከጅብም ከእባብም አብልጬ የምፈራው ክር ነበር። ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ቆብ ሰፊ የነበሩት አያቴ ክረምት ሊገባ ሲል ቆብ ሊሰፉልን አምስታችንን የልጅ ልጆቻቸውን ከከሰል ካውያቸው አጠገብ ይሰበስቡንና፣ መብራት ከጠፋም በኩራዝ፣ ጭንቅላታችን ላይ ክር አዙረው ልካችን ላይ ቋጠሮ ያስሩ ነበር። ያኔ በካውያው ቀዳዳ ፍሙ ይታያል፣ የተተኮሰው ሱፍ ይሸታል፣ አያቴም ሁልጊዜ ያንኑ ተረት ያወሩልናል። ድሮ ከየቡ ከተማ ወዲያ ያለ አንድ አገር ዳኛውን የሚመርጠው ጭንቅላት በገመድ እየለካ ነበር፤ ትልቁ ራስ ይሾማል፣ ትንሹ ፍየል ይጠብቃል።

የኔ ክር ከአምስቱ አጭሩ ነበር። የአክስቴ ልጅ ኑሪ «አንቺማ ፍየል ጠባቂ ነሽ» ሲለኝ አብሬው ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን አመነ። ሒሳብ በከበደኝ ቁጥር በጭንቅላቴ አሳበብኩ፤ በመጨረሻም ትምህርቱን ትቼ እናቴ ሱቅ ልገባ ወሰንኩ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ሞከርኩ። አያቴ መግሪብ ሊሰግዱ ሲወጡ ክሬን ከተሰቀለበት ሚስማር አወረድኩና ቋጠሮውን ፈትቼ ሦስት ጣት ያህል ወዲያ አሰርኩት።

ቆቡ ተሰፍቶ ሳጠልቀው አፍንጫዬ ላይ ደረሰ። ሌሎቹ በሳቅ ተንከባለሉ። አያቴ አልሳቁም፤ ክሩን አይተው ወደኔ ዞሩ።

«ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ቋጠሮውን ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ አባባ። ጭንቅላቴ ትንሽ ስለሆነ ትምህርት አይገባኝም። እርስዎ ራስዎ ነዎት የነገሩን።»

ካውያውን አስቀመጡ። «ወላሂ፣ ተረቱን የፈጠርኩት እኔው ነኝ፤ ስለካችሁ እንዳትቁነጠነጡ ብዬ። ዕድሜዬን ሙሉ ጭንቅላት ለክቻለሁ፤ ክሩ ከቆብ ልክ በቀር የነገረኝ የለም። አፉ በይኝ።»

ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ ያን ቀን ነው ያየሁት። አፈርኩ፣ ደስም አለኝ፣ ከሁሉ በላይ ግን እልህ ያዘኝ። በማግስቱ የሒሳብ ደብተሬን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ።

ዛሬ እዚሁ ጅማ ለሕክምና ተማሪዎች ስለ ሰው አካል አስተምራለሁ። የራስ ቅልን ካሊፐር በሚባል መለኪያ ከግንባር እስከ ማጅራት፣ ደግሞም ከጆሮ በላይ ከጎን እስከ ጎን እንለካለን። የጥንቱ ሰው ከዓይኑ በላይ ያለው አጥንት ወፍራም፣ መንጋጋውም ትልቅ እንደነበር፣ በብዙ ሺህ ዘመናት ፊት እያነሰ፣ ግንባር ቀጥ እያለ፣ የራስ ቅሉም ክብ እየሆነ እንደመጣ አሳያቸዋለሁ። ይህንኑ ልኬት ይዘው ሕዝብን ከሕዝብ ያበላለጡ የተማሩ ሰዎች እንደነበሩም እነግራቸዋለሁ፤ ሰዓቱ ቢያልቅ እንኳ ይህን ሳልናገር ካሊፐሩን ለማንም አላስይዝም። ስለ እነሱ ሳነብ የሚያናድደኝ ስህተታቸው ብቻ አይደለም፤ «ከራሴ ነው የፈጠርኩት» ብሎ ያመነ ማጣቴም ጭምር ነው።

ያም ሆኖ በየዓመቱ፣ ለክተው ሲጨርሱ፣ አንዱ ተማሪ ሁለት የራስ ቅሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ዶክተር፣ ጎበዙ የትኛው ነበር?» ይለኛል።

«እሱን ለማወቅ» እለዋለሁ፣ «በሕይወት ሳሉ ማነጋገር ነበር።»