በግንቡ በር ላይ፣ ቆሎዬን ይዤ

እግሬ ቁጭ ማለት አያውቅም። ልጆቼ «እማዬ፣ አንቺ እኮ ነፋስ ነሽ» ይሉኛል። ከአገሬ መጥቼ ኦክላንድ ሴት ልጄ ቤት ከገባሁ ወዲህ ሥራዬ በአውቶቡስ መዞር ነው። ፊደል ስላልቆጠርኩ የአውቶቡሱን ቁጥር የማውቀው እንደ ሰው መልክ ነው፤ የአላሜዳውን ከሩቅ እለየዋለሁ። አላሜዳ ወርጄ ውሃው ዳር እቀመጥና ማዶ፣ ወንዱ ልጄ ኮንቴይነር የሚያመላልስበትን ወደብ አያለሁ። ከክሬኖቹ ሥር ከሚርመሰመሱት መኪናዎች የትኛው የሱ እንደሆነ አላውቅም። ስለዚህ ሁሉንም እመርቃለሁ።

አንድ ቀን ግን በባቡር ጉድ ሆንኩ። ያን ሰሞን ሴቷ ልጄ መክራኝ ነበር። «እማዬ፣ እዚህ አገር ያገኙትን ሰው ሁሉ ሰላም አይሉም። ምን ፈልጋ ነው ይሉሻል።» እሺ ብዬ አፌን ዘግቼ ተሳፈርኩ። ባቡሩ ሄደ፣ ሄደ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ከቤቴ ሩቅ፣ ሳን ሆዜ የሚባል ከተማ ነኝ። ማንንም ሰላም ስላላልኩ ማንም ልብ አላለኝም፤ የት ነው የምትወርጂው ያለኝ የለም። ጣቢያው ላይ ቆሜ እንባዬን ስጠርግ አንድ ኤርትራዊ አዛውንት በአማርኛ «እህቴ፣ ምን ሆነው ነው?» አሉኝ። እግዜር ይስጣቸው፣ በመኪናቸው ኦክላንድ ድረስ አመጡኝ።

ወንዱ ልጄ ያንኑ ማታ መጣና የአውቶቡስ ካርዴን ከቦርሳዬ አወጣ። «አበቃ! ከእንግዲህ ብቻሽን አትወጪም። ካስትሮ ቫሊ እኔ ጋ ትገቢያለሽ። ባለቤቴ ቤት ነው የምትውለው፣ ታይሻለች።»

ካስትሮ ቫሊ ጥሩ ሰፈር ነው፤ ክፉ አላወራበትም። ግን የልጄ ቤት ኮረብታ ላይ ነው፤ መኪና ለሌለው ሰው መስኮት ብቻ ነው ያለው። እዚያ ከገባሁ የኔ ነገር ማለቁ ነው።

በዚህ መሀል የእህቴ የልጅ ልጅ ለንደን ልትዳር ሆነ፤ ሴቷ ልጄ ይዛኝ ልትሄድ ተነሣች። ያኔ ልጄን ያዝኩት።

«እንግሊዝ አገር ደርሼ ሳልጠፋ ከተመለስኩስ?»

ሳቀብኝ። «ሳን ሆዜ የጠፋች ሴትዮ፣ እንግሊዝ!»

«መልስልኝ እንጂ!»

«እሺ። ሳትጠፊ ከተመለስሽ ካርድሽን እሰጥሻለሁ፤ ካስትሮ ቫሊም ይቀራል። ከጠፋሽ ግን ሻንጣሽን ከኤርፖርት በቀጥታ እኔ ቤት ነው የማወርደው። ዲል?»

«ዲል» አልኩት። ተስማማን ማለት ነው፤ ቃሏን ከሱ ነው የተማርኳት።

ለንደን ላይ እንደ ጥጃ ከሴቷ ልጄ ጎን አልተለየሁም። ሠርጉ አለፈ፤ ሁሉም በሰላም። ከዚያ አብራን የመጣችው የልጅ ልጄ፣ ግንብና ነገሥታት የምትወደዋ፣ እናቷን ለምና ለምና ወደ አንዲት የባሕር ዳር መንደር ወሰደችን።

ትንሽ መንደር ናት። ቤቶቹ የድንጋይ፣ በሮቻቸው አጫጭር፣ በየመስኮቱ አበባ። ከመንደሩ በላይ ዐለት፣ ዐለቱ ላይ ግንብ፣ ከግንቡ ወዲያ ባሕር። ነፋሱ ነጠላዬን ቀምቶ ሊሄድ ይታገለኛል።

«አያቴ፣ ሉክ! ካስል!» ትላለች ልጅቷ ግንቡን እያሳየችኝ፣ እየዘለለች።

እናቷ ግን ዳገቱን አየችና ወደ ጉልበቴ ዞረች። «እማዬ፣ ይኼ ላንቺ አይሆንም። እኛ መጀመሪያ ባሕሩን አይተን እንመጣለን፤ ከዚያ እኔና እሷ ግንቡን ቶሎ ወጥተን እንወርዳለን። አንቺ ከዚህ ሆነሽ ታይዋለሽ።» ሻይ ቤት በረንዳ ላይ አስቀመጠችኝ። «እንዳትነቃነቂ፣ አደራ። ውርርድሽን አስቢ!»

ቁጭ አልኩ። ሻዩ በወተት ነጥቶ መጣ፤ ጠጣሁት። ግንቡን አየሁት። ያንን ሁሉ ባሕር ተሻግሬ ከሰው ደጅ ደርሼ ሳልገባ ልመለስ? ይኼ ነውር ነው። ደግሞ ባዶ እጄን አይደለሁም፤ ለመንገድ ብዬ የቆላሁት ቆሎ በቦርሳዬ ሙሉ ነው።

ብነሣና ብጠፋስ? ካስትሮ ቫሊ ከነመስኮቱ ፊቴ ድቅን አለ። ትንሽ አሰብኩ። ሳን ሆዜ ላይ ያጠፋኝ ምንድን ነው? መንገዱ አይደለም። ዝምታዬ ነው ያጠፋኝ። ስለዚህ ሰላም እያልኩ እሄዳለሁ አልኩና በማርያም ስም ተነሣሁ።

ለሻይ ቤቷ ሴትዮ ጎንበስ ብዬ «ሃሎ፣ ጤና ይስጥልኝ» አልኩ፤ ወደ ግንቡ በጣቴ አሳየሁና እጇ ላይ ቆሎ ዘገንኩላት። ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ሰው በሩን ቀለም ይቀባል። ሰላም አልኩት። እጁ በቀለም ተለውሷል፤ ቆሎ ይዤ ስቆምበት ግራ ገባው። «አፍህን ክፈት» ብዬ አጎረስኩት። ደነገጠ፣ ቀጥሎ አኘከ፣ ቀጥሎ ሳቀ። ውሻ የያዘች አሮጊት ደግሞ ዳገቱ ላይ አገኘሁ። እሷም ቀስ፣ እኔም ቀስ። እሷ በራሷ ቋንቋ፣ እኔ በራሴ እያወራን ወጣን። መሀል ላይ ቆማ ጉልበቷን በእጇ መታ መታ ስታደርግ፣ ስለምን እንደምታወራ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። የግንቡ በር ጋ ስንደርስ ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ፣ ውሻዋን ይዛ ተመለሰች።

በሩ ላይ ጥቁር ካፖርት የለበሰ፣ ጢሙ ነጭ የሆነ ሰው ቆሟል። የግንቡ ጌታ በረኛ ነው አልኩ በልቤ። የጌታ ደጅ እንዴት እንደሚኬድ ደግሞ ከልጅነቴ አውቃለሁ። እጅ መንሻ ይዘህ ትሄዳለህ፣ ለበረኛው ትሰጣለህ፣ እስክትጠራ ደጅ ትጠናለህ። አባቴ ለአንዲት ቁራጭ መሬት ብሎ ስንት ጊዜ ደጅ ጠንቷል! እኔ ስንቁን ይዤ አጠገቡ ቁጭ እል ነበር። ሳይጠራ ሞተ።

የቀረውን ቆሎ ከነከረጢቱ በሁለት እጄ ለሰውዬው አቀረብኩና «ፎር ቦስ» አልኩት፤ ለጌታህ ማለቴ ነው። እሱ ብዙ ተናገረ። «ኦኬ፣ አይ ዌት» ብዬ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ አየኝና ገብቶ የራሱን ወንበር አመጣልኝ። ሌላው ሰው ወረቀት እያሳየ ይገባል፤ እኔ እነሱ ተራቸው ደርሶ የተጠሩ መስሎኛል። ነጠላዬን አስተካክዬ ተራዬን እጠብቃለሁ።

ከታች የሆነውን የነገረችኝ የልጅ ልጄ ናት። ከባሕሩ ሲመለሱ ወንበሬ ባዶ ነው። እናቷ ጮኸች፤ ወዲያው ለወንድሟ ኮል አደረገች። «እማዬ ጠፋች!» እሱም፣ እዚያ ገና ሊነጋጋ ነው፣ «አላልኩሽም! ሻንጣዋን ወደኔ!» ይላል። የሻይ ቤቷ ሴትዮ ግን ወጥታ ቆሎዋን አሳየቻቸው፤ ወደ ላይ ጠቆመች። ቀለም ቀቢው ሳይጠይቁት በብሩሹ ጠቆመ። ባለውሻዋ አሮጊት ስትወርድ አገኘቻቸውና እጇን ወደ በሩ ዘረጋች።

እያለከለኩ ደረሱ። ስልኩ እንደተከፈተ ነው።

«እማዬ! የት ጠፍተሽ ነው!»

«እኔ? እናንተ ናችሁ እንጂ የጠፋችሁት! እኔ እዚሁ ነኝ።»

«ተነቃነቅሽ እኮ!»

«መነቃነቅ ውርርዱ ውስጥ የለም።»

የልጅ ልጄ ስልኩን ከእናቷ እጅ ነጠቀች። «አንክል፣ ሺ ኢዝ ኖት ሎስት! መንደሩ ሁሉ ያውቃታል። ኤቭሪባዲ! የት እንዳለች ያላወቅነው እኛ ብቻ ነን።»

ወንዱ ልጄ ከስልኩ ውስጥ ተጣራ። «እስቲ አገናኚኝ። እማዬ፣ የት ነሽ?»

«የጌታው በር ላይ። ወንበር ሰጥተውኛል።»

በሳቅ ሲያስለው ተሰማኝ። «በቃ፣ አሸነፍሽ። አሸነፍሽኝ እማዬ።»

ጌታ የለም፣ ማንም አይጠራሽም፣ ሰው ትኬት ገዝቶ ነው የሚገባው ብላ ልጄ ነገረችኝ። እሷም አስቀድማ የገዛችው የሁለት ሰው ትኬት ነው። ልነሣ ስል በረኛው ቀረበና ለልጅቷ አንድ ነገር አላት። እሷም እየሳቀች ተረጎመችልኝ፦ «አያቴ፣ ሰው ሁሉ ትኬት ይዞ ይመጣል፤ እስከ ዛሬ ስጦታ ይዞልን የመጣ የለም፤ እሷ የኔ እንግዳ ናት ይላል።» ቀጥሎ ሁለተኛውን የበሩን መዝጊያ፣ ተዘግቶ የነበረውን፣ ወለል አድርጎ ከፈተው። ክንዱንም ሰጠኝ።

ተጠራሁ! አባቴ ያልተጠራውን እኔ ተጠራሁ። በክንዱ ተደግፌ፣ እያረፍኩ፣ ጉልበቴን እየተቆጣሁ፣ እስከ ግንቡ አናት ወጣሁ። ባሕሩ ከእግሬ ሥር ተዘርግቷል። ታች መንደሯ፣ የሻይ ቤቱ በረንዳ፣ ያ ገና ቀለሙ ያልደረቀ በር ይታየኛል። አላስቻለኝም፤ እጄን አፌ ላይ አድርጌ እልል አልኩ። ነፋሱ ተቀብሎ ወሰደው። ልጄ «እማዬ፣ ሰው ይሰማል» አለች። ይስማ! ሰው አጨበጨበ፤ በረኛውም ቆሎውን እየቆረጠመ ያጨበጭባል። ቆይቶ ልጄም ከኔ ጋር እልል አለች፤ የልጅ ልጄ ደግሞ ሞክራ አቃታትና በሳቅ ፈረሰች።

ኦክላንድ ኤርፖርት ወንዱ ልጄ ጠበቀን። ሻንጣዬን ተቀበለኝ፤ በሌላ እጁ ካርዴን ይዟል። «ዲል ዲል ነው» አለና ሰጠኝ። «ብቻ ኮል አድርጊልኝ።»

«አንተ ደግሞ ሰው ጠይቅ፤ ያለሁበትን ይነግርሃል» አልኩት።

በማግስቱ የአላሜዳውን አውቶቡስ ከሩቅ ለየሁት። ቦርሳዬ ውስጥ አዲስ ቆሎ አለ። ገና እግሬን ሳነሣ ለሹፌሩ «ሃሎ፣ ጤና ይስጥልኝ» አልኩ፤ ከሱ ጀምሬ እስከ ኋላው ወንበር ድረስ።