ብርድ ልብሱ እስኪደርቅ

ሰፈሩ የሚያውቀው «ውሃ ልክ» በሚል ቅጽል ነው። ዲሽ ሠሪ ነው። ግድግዳው ቢንጋደድ እንኳ የእሱ ኬብል አይንጋደድም። የሚኖረው ሁሉም «እትዬ» በሚሏቸው አከራይ ግቢ ውስጥ ከተከራዮቹ እንደ አንዱ ሆኖ ነው፤ የሁሉም ዲሽ በእሱ እጅ የተተከለ፣ የሁሉም ኬብል ከጣራው ክፈፍ ሥር በክሊፕ የተያዘ ነው።

ከአንዱ በቀር። ያ አንዱ ከተከራዮች ግድግዳ ተነስቶ ግቢውን በአየር ያቋርጥና ማዶ ካለው ከእትዬ ቤት ይገባል። እትዬ እንግዳ ሊመጣባቸው ሲል «ቶሎ በል! ቶሎ በል!» ብለው ወጥረው ስለያዙት ለጊዜው ብሎ የወጠረው ነው። በዚህ ሙያ ለጊዜው የተባለ ሥራ ዕድሜው ረጅም ነው።

አንድ ጠዋት እትዬ የታጠበ ብርድ ልብሳቸውን እዚያው ኬብል ላይ ጣሉት። ውሃ የጠጣ ብርድ ልብስ እንደ ጥጃ ይከብዳል። ኬብሉ ረገበ፣ የዲሹን ቡሎን ነቀለ፣ ብርድ ልብሱ መሬት ወደቀ፣ ዲሹም ተገለበጠና የአበባ ማሰሮዎቻቸው ላይ አረፈ።

«ግቢዬን የሸረሪት ድር አደረግኸው!» አሉ እትዬ፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው። «ይህ ብርድ ልብስ እስኪደርቅ ጊዜ ሰጥቼሃለሁ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ገመድ እንኳ ግቢዬን ሲያቋርጥ እንዳላይ። ካየሁ ግን ጓዝህን ጠቅልል!»

ሚስቱ በር ላይ ቆማ ሰማች። እትዬ ከገቡ በኋላ ክንዱን ያዘችው።

«ንገራቸው እንጂ! ኬብሉ የሳቸው፣ ብርድ ልብሱም የሳቸው!»

«ብነግራቸው እውነት ይኖረኛል፤ ቤት ግን አይኖረኝም።»

«እና ዝም ልትል ነው?»

«መሰላሉን ያዢልኝ።»

መጀመሪያ የሠራው ሥራ ሚስቱን ግራ አጋባት። ኬብሉን አወረደና በቦታው ወፍራም የብረት ሽቦ ወጠረ። ብርድ ልብሱን ጨምቀው ሁለቱ ሰቀሉት። «ገደብህን በገዛ እጅህ ፀሐይ ላይ ታሰጣለህ?» አለችው።

«መሬት ላይ ከተውነው ነገም ሌላ ኬብል ፈልገው ይሰቅሉታል።»

ከዚያ ዲሹን በረዘመ ቡሎን አጥብቆ አሰረ፤ አዲስ ኬብል ፈታና ዙሪያውን በአጥሩ ግንብ ይዞ ሄደ። በየስንዝሩ አንድ ክሊፕ፣ ማዕዘን ላይ ጠጋ ጠጋ። እንደ ወረቀት አላጠፈውም፤ እንደ ክርን ቀስ አድርጎ አዞረው። በሩ ጋ ሲደርስ ማንም እንዳይረግጠው፣ መዝጊያውም እንዳይቀረጥፈው ከጉበኑ በላይ አሳለፈው። ፀሐይዋም ሥራዋን እየሠራች ነበር፤ ከብርድ ልብሱ የሚወርደው ጠብታ ቆሟል።

እትዬ የመዶሻ ድምፅ ሰምተው ሲወጡ መስኮታቸው ሥር አገኙት። ኬብሉን ወደ ቤት ከሚገባበት ቀዳዳ ዝቅ አድርጎ ቀለበት ሠርቶለታል።

«ይህ ደግሞ ምን ይንጠለጠላል?»

«ዝናብ ኬብሉን ተከትሎ ቤት እንዳይገባ ነው እትዬ። እዚህ ጎንበስ ሲል ውሃው ይንጠባጠባል።»

«ማን ቤት እንዳይገባ?»

«እርስዎ ቤት።»

እትዬ ኬብሉን በዓይናቸው ተከተሉት፤ በጉበኑ ላይ፣ በግንቡ ዙሪያ፣ እስከ ዲሹ። ከዚያ የድሮው ኬብል ወደነበረበት አየር ቀና አሉ። በሽቦው ላይ ብርድ ልብሳቸው ተንጠልጥሏል። ውሃ ልክ የመጨረሻውን ክሊፕ መታ።

እትዬ ሄደው ብርድ ልብሱን በሁለት እጃቸው ጨበጥ ጨበጥ አደረጉት። ደርቆ ነፋስ ያርገበግበዋል፤ ሚስትየው ከበሯ ሆና ታያለች።

«ገና እርጥብ ነው» አሉ እትዬ። «ሲመሽ አስገባዋለሁ። መሰላሉን ቦታው መልስ።»

ሲመሽም አላስገቡትም። ክረምት ገብቶ ዝናብ እስኪመታው እዚያው ነበር።