ቀኝ ያወቀ፣ ግራ ያላወቀ

እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ። እንጅባራ ላይ ማስተማር ከጀመርሁ ብዙ ክረምት አለፈ፤ ብርዱን ግን እስከ ዛሬ አልለመድሁትም። ይችን የምጽፋት ለመናዘዝ ያህል ነውና ሳላሳምራት ልናገራት።

ያን ዓመት የአምስተኛ ክፍል ኃላፊ ነበርሁ። እያንዳንዱ ተማሪ እንደየአቅሙ ይደገፍ የሚል መመሪያ ከክልል ወረደ። ለየልጁ አንድ ካርድ ይዘጋጃል፤ ምን ይከብደዋል፣ ምን ይቀለዋል፣ መምህሩስ ምን አደረገለት። ሐሳቡን አልጠላሁትም። ግን ልጆቼ በአንድ ዴስክ አራት አራት ሆነው ተጣበው ነው የሚቀመጡት፤ ስንቱን አውቄ እዘልቀዋለሁ? ካርዶቹን ቤቴ ይዤ ሄጄ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ሞላኋቸው። ጽሕፈቴ ያምራል። ርዕሰ መምህሩ አይቶ «እንዲህ ነው እንጂ!» አለና ለሌሎቹ መምህራን ሁሉ አሳየልኝ። እኔም ደስ አለኝ፣ ምን ይደበቃል።

ከነዚያ ካርዶች አንዱ ከጥርባ በኩል የመጣች የአንዲት ልጅ ነበር። እስከ አራተኛ ክፍል ገጠር በአገውኛ ተምራ፣ ከተማ ስትገባ ትምህርቱ በአማርኛ ሆነባት። ያስመዘገቧት ዕለት እናቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ እኔ ቀረቡ።

«መምህር፣ አባቷ ቆርጧል። ዘንድሮ ካልሆነላት ጫግኒ እህቱ ዘንድ ትሂድ፣ እዚያው ቤት ውስጥ እየሠራች ትኑር ብሏል። እርስዎ ካላዩልኝ ማን ያይልኛል?»

«ግድ የለዎትም፣ እኔ አለሁ» አልኋቸው።

አለሁ ማለት ቀላል ነው። ካርዷ ላይ «ስትጽፍ ትዘገያለች፤ በአማርኛ ድጋፍ እየተደረገላት ነው» ብዬ ጻፍሁ። ድጋፉ ምን መሰላችሁ? ሁለት ቀን ከትምህርት በኋላ አስቀረኋት፤ በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ሲመጣ ጃንጥላዬን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ለምን ትዘገያለች ብዬ አልጠየቅሁም። አማርኛው ነው የያዛት ብዬ በራሴ ፈረድሁ።

በመሃል ከጎረቤት ክልል እንግዶች ለልምድ ልውውጥ ይመጣሉ ተባለ። የእነሱ መመሪያ ካርድ አይልም፤ የሚቸገሩትን ልጆች ለይታችሁ ከሰዓት በኋላ ማጠናከሪያ ስጡ ነው የሚለው። የሁለቱ ክልሎች አሠራር ጎን ለጎን ሊነጻጸርና የተሻለው ሊለይ ነው። የእኛ እንዲበልጥ የማይፈልግ አልነበረም። ለማሳያ የተመረጠው ደግሞ የእኔ ክፍል ሆነ።

መምህር የሆነ ሰው የሚቀጥለውን ያውቀዋል። እንግዳ ሲመጣ ተማሪው ሁሉ እጁን ያወጣል፤ ያወቀ ቀኙን፣ ያላወቀ ግራውን። መምህሩ ቀኙን ያወጣውን ብቻ ይጠራል፣ እንግዳውም ክፍሉ ሁሉ ያወቀ ይመስለዋል። እኔም ተማሪ ሳለሁ ዳንግላ ላይ ግራዬን ስንት ጊዜ አውጥቻለሁ። ልጆቼን ሦስት ቀን አለማመድኋቸው።

ዕለቱ ደረሰ። እንግዶቹ ከኋላ ተቀመጡ። እኔም ሰሌዳው ላይ ጻፍሁና ጠየቅሁ፤ «ከአንድ ሦስተኛና ከአንድ አራተኛ የቱ ይበልጣል?» ክፍሉ በእጅ ተሞላ። የምተማመንበትን ልጅ ጠራሁ፤ አራት ከሦስት ይበልጣል ብሎ ተሳሳተ። ሌላ ቀኝ እጅ መፈለግ ጀመርሁ። ያች የጥርባዋ ልጅ ከፊቴ ግራ እጇን እያወዛወዘች፣ ልትነሳ ምንም አልቀራትም። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነበር። አላወቅሁም እያለችኝ ምን ያስፈነድቃታል ብዬ አለፍኋት። ከኋላዋ ያለው ልጅ መለሰ፣ ተጨበጨበለት። እሷ እጇን ቀስ ብላ አወረደች።

እንግዶቹ «ንቁ ክፍል ነው» ብለው መሰከሩ። የልጂቱን ካርድም ከገጠር የመጣ ተማሪ እንዴት እንደሚደገፍ ማሳያ ይሆነናል ብለው ፎቶ ኮፒ አስነሥተው ወሰዱ።

ከዚያ ወዲያ ቀኝም ሆነ ግራ አላወጣችም። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ፈተና ግማሹን ባዶ መለሰችው፣ ወደቀች። ሁለተኛው ሴሚስተር በተከፈተ በሳምንቱ እናቷ መጽሐፎቿን በፌስታል ጠቅልለው ሊመልሱ መጡ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው።

«የእንግዶቹ ለት እያለቀሰች መጣች» አሉኝ። «አባቷ መሬቱን በሲሶም በሩብም ሲያካፍል እያየች ነው ያደገች። አውቄው ነበር፣ አይቶ ዘለለኝ አለችኝ።»

«ያወጣችው እኮ ግራዋን ነው» አልሁ፣ እንደ ሕፃን።

«ግራኝ አይደለች? አንደኛ ክፍል ሳለች መምህሯ በአርጩሜ እየመታ ነው በቀኝ መጻፍ ያስለመዳት። እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያዘገያት። ደስ ሲላት ግን ግራዋ ይቀድማታል።» ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። «ካርድ ተሠርቶላታል ሲሉኝ፣ እርስዎ የሚያውቁ መስሎኝ ነበር።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አባቷን ላነጋግራቸው ብዬ ለመንኋቸው።

«አሁንማ ምን ዋጋ አለው» አሉ። «አባቷ መውደቋን ሲያይ የዓመቱን መጨረሻ አልጠበቀም፤ ጧት በሚኒባስ ጫግኒ ሄደች።»

መጽሐፎቹን ቆጥሬ ተረከብሁ፤ ሌላ ምን ላደርግ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግሥቱ ክፍል ገባሁና ካርዶቹን ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ ደርድሬ፣ አሁን እንኳ እንደ ሰው ልጀምር ብዬ ጠየቅሁ።

«ከእናንተ ውስጥ ግራኝ የሆነ እጁን ያውጣ።»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከቆይታ በኋላ ሁለት ልጆች እየፈሩ አወጡ። ሁለቱም ያወጡት ቀኛቸውን ነበር።