እንግዳው ስሙን ያልነገረኝ ወንዝ

ይህ ነገር የደረሰው ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ፣ ሠፈራው ብዙ ሰው ወስዶ አገሩ ገና ጭር ባለበት ጊዜ ነው። ዘመን አልፎታል። የማልረሳው፣ ያን ቀን በጥርጣሬ ያየሁት ምልክት ሁሉ እውነት ስለነበረ ነው። ትርጉሙ ግን እኔ የሰጠሁት አልነበረም።

ቤቴ ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርኩት በራሴ ነው። ማንበብ ስችል ውጫሌ ገበያ ላይ ስኳር ሊጠቀለልበት የነበረ፣ ሽፋን የሌለው የጂኦግራፊ መጽሐፍ ገዛሁ። ሳይቀደድ የቀረው ክፍል ስለ ደቡብ ወንዞች ነበር። በቃሌ ያዝኩት። ጊቤ ወርዶ ኦሞ እንደሚባል፣ ጎጀብ ከምዕራብ መጥቶ እንደሚቀላቀለው፣ ኦሞ ባሕር ሳያይ ቱርካና ሐይቅ ገብቶ እንደሚቀር፣ ገናሌና ዳዋ ግን ዶሎ ላይ ተገናኝተው ጁባ እንደሚባሉ አውቃለሁ።

ልጆቼን ከእርሻ ስንመለስ ይህንኑ እጠይቃቸው ነበር። ያልመለሰ ከብቶቹን አስገብቶ፣ በር ዘግቶ፣ እንደገና ይጠየቃል። የሚጠጣው ውሃ ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ የማያውቅ ሰው ከከብቱ በምን ይሻላል እላለሁ። ዛሬም እላለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ይማም በሠፈራው ወደ ከፋ ሄዷል። ከጎጀብ ማዶ መሆኑን ብቻ ሰምተናል። ሌላ ወሬ አልነበረንም።

መስከረም ላይ፣ ቀትር ካለፈ በኋላ፣ ማሽላ ስጠብቅ አንድ የከሳ ሰው በጎረቤቴ በሸህ ሙሔ አጥር በኩል ቆሞ አየሁ። ከሸሁ ጋር አንገት ለአንገት ገጥመው ያወራሉ። በመሀል ሁለቱም ወደ እኔ ቤት ዞረው ያያሉ። እኔ ከማሳው ስወጣ ወሬው ቆመ።

የዚያን ጊዜ ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አልነበረም። ፀጉረ ልውጥ ያየ ሁሉ ለገበሬ ማኅበሩ እንዲጠቁም ተነግሮናል። ከሠፈራ ጠፍቶ የሚመጣ ሰው አለ፤ እሱን ያሳደረ ይታሰራል። ጠፍቶ የመጣ መስሎ ማን እንደሚያሳድር የሚሰልልም አለ ይባላል። አንደኛውም ሌላውም ቤት ያፈርሳል። እኔ ደግሞ የአምስት ልጆች አባት ነኝ።

ወደ ሸህ ሙሔ ግቢ ገባሁ።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም» አሉ ሸሁ። «እንግዳ ነው። አደም ይባላል። ከእነይማም የሠፈራ ጣቢያ ነው የመጣው።»

«ከይማም ጣቢያ ከመጣማ የእኔ እንግዳ ነው። ለምን እርስዎ ጋ ቆመ?»

«ደክሞታል። እኔ ጋ ይረፍ፣ ነገ ትጫወታላችሁ።»

ሸህ ሙሔ እንግዳ ለመንጠቅ የሚሽቀዳደሙ ሰው አልነበሩም። ይህም አላማረኝም። ሰውየውን እጁን ይዤ ወደ ቤቴ ወሰድኩት።

«ይማም ደህና ነው?» አልኩት ገና ሳይቀመጥ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ባለቤቴ ከድጃ እንጀራ አቀረበች። አልነካም አለ።

«ሱና ጾም ይዣለሁ፣ እትዬ።»

ዕለቱ ሱና የሚጾምበት ሰኞም ሐሙስም አልነበረም። ልቤ ላይ አኖርኩት።

ከዚያ ጥያቄዬን ጀመርኩ። «በየት በኩል መጣህ?»

«በጅማ ነው።»

«መጀመሪያ የተሻገርከው ወንዝ?»

«ጎጀብ። ጅማን ካለፍን በኋላ ደግሞ ጊቤን።»

«ጎጀብ ወዴት ይፈሳል?»

«ፀሐይ መውጫ ነው የሚሄደው። ከሌላ ትልቅ ውሃ ይገባል አሉ፤ እኔ እዚያ አልደረስኩም።»

ከድጃ ሳቅ አለች። «ተወው እንጂ! ሰውየው ዘመድ ብሎ መጣ፤ ለፈተና ነው እንዴ ያስቀመጥከው?»

«አንቺ ዝም በይ።»

መልሱ ትክክል ነበር። ነገር ግን ይህን የመኪና ረዳትም ያውቃል፤ ሰላይ ደግሞ ከረዳት ይበልጥ ያውቃል። ስለዚህ መጽሐፌ ውስጥ ወደሌለው ዞርኩ።

«እናንተ የምትጠጡት፣ ከመንደራችሁ ሥር ያለው ወንዝ ስሙ ማን ነው?»

አደም አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው።

«ስም የለውም» አለ።

«ሁለት ክረምት የጠጣኸው ውሃ ስም የለውም?»

«አንቱ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ይተዉኝ።»

ተነስቶ ወጣ። ወደ ሸህ ሙሔ ቤት ሲመለስ አልከለከልኩትም። ውሃ ያለ ስም አይኖርም፤ ሰው የሰፈረበት ውሃ ከሆነ በቀዳ በመጀመሪያው ቀን ስም ያወጣለታል። ሰውየው የወንድሜን አገር ረግጦ አያውቅም ብዬ ፈረድኩ። ንጋት ላይ ሄጄ ለማኅበሩ ሊቀመንበር ልናገር ወሰንኩ። ይህን የወሰንኩት በክፋት አይደለም፤ ከማላውቀው ሰው ልጆቼ ስለሚቀድሙብኝ ነው።

ሱብሂ ሰግጄ ዱላዬን ይዤ ስወጣ ሸህ ሙሔ ከደጄ ቆመዋል። ከኋላቸው የመንደሩ ሽማግሌዎች አሉ። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። አደም ከሁሉም ኋላ ነው።

«ተቀመጥ እስቲ» አሉኝ ሸሁ።

«መንገድ ላይ ነኝ።»

«መንገዱ ይደርሳል። ተቀመጥ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። የይማም መርዶ ነበር። በእኛ አገር መርዶ የያዘ ሰው ብቻውን ሄዶ አይናገርም፤ ለጎረቤት ይነግራል፣ ጎረቤት ሽማግሌ ይሰበስባል፣ በማለዳ መርዶው ይነገራል። እስከዚያ መርዶ ነጋሪው የሐዘንተኛውን ቤት እህል አይቀምስም። እኔ መቶ ጊዜ ለሌላ ሰው መርዶ ስሄድ የማደርገውን ሁሉ አደም አድርጎታል። በራሴ ላይ ሲደረግ ግን አላወቅኩትም።

ከለቅሶው በኋላ አደም ከአጠገቤ ተቀምጦ የወንዙን ነገር ነገረኝ። ሠፋሪዎቹ እንደደረሱ የአምባሰልና የተሁለደሬ ሰዎች በስሙ ተጣልተው ነበር። ሁሉም የየመንደሩን ወንዝ ስም ሊያወጣለት ፈለገ። በመጨረሻ ለጋራ ጸሎት ወዳጃ ተቀምጠው፣ ዱዓ አድርገው፣ ሁላቸውም የሚያውቁት የአገራችን ወንዝ ነው ብለው ሚሌ አሉት።

ይማም ብቻ እንቢ አለ። «ባለቤት ያለው ውሃ ነው፤ ባለቤቱን ጠይቁ» አላቸው። ሄዶ የአገሬውን ሽማግሌ ጠየቀ። ዲንጫ ነው አሉት። ሰዎቹ «የከፋዎች አማች» እያሉ ይቀልዱበት ነበር አለኝ። ወንድሜን እዚህ ላይ አወቅኩት። አባታችን ሲራራ ነጋዴ ነበር፤ የማያውቀውን ወንዝ ስሙን ሳይጠይቅ አይሻገርም፤ እኛንም እንደዚያ ነው ያሳደገን።

«እኛ ግን ሚሌ እያልን ሚሌ መሰለን» አለ አደም። የእኛ ሚሌ ሲሞላ ያስፈራል፤ ግን ጥቂት ከጠበቁት ይጎድላል። ያኛው ከሩቅ ጫካ ነው የሚመጣው፤ እታች ፀሐይ ወጥታ እያለ እላይ ሲዘንብ ይውላል።

«ሐምሌ ላይ ነው። ሞልቶ ነበር፣ ጠበቅን። ጎደለ ብዬ ገባሁ። ይማም ከዳር ሆኖ አትግባ ይለኛል፤ እኔ ‹ሚሌ አይደል እንዴ፣ አውቀዋለሁ› እለዋለሁ። መሀል ላይ ወሰደኝ። ገብቶ አወጣኝ። እሱ አልወጣም። ትናንት የወንዙን ስም ሲጠይቁኝ የቱን ልበልዎ፤ የቱንም ብጠራ መርዶው ይከተል ነበር።»

አስከሬኑን የአገሬው ሰዎች ከታች አግኝተው ቀብረውታል። አደም ይህን ሊነግረኝ ነው ያለ ይለፍ ወረቀት፣ ከጣቢያ ጠፍቶ ያን ሁሉ አገር ያቋረጠው።

ከሰዓት የማኅበሩ ሊቀመንበር ለለቅሶ መጣ። ዓይኑ አደም ላይ አረፈ።

«ይሄ ሰውዬ ማን ነው?»

ዋሽቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም አልዋሸሁም። «መርዶ ነጋሪዬ ነው» አልኩ።

«ከየት የመጣ?»

«ከወንድሜ መቃብር።»

ሊቀመንበሩ አንድ ጊዜ አየኝ። ከዚያ ለይማም ፋቲሃ አድርጎ ተቀመጠ። ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

እንግዳ መጠየቅ አልተውኩም። ልጅ ያለው ሰው መጠየቅ አለበት። ግን ሰው ዝም ሲል ዝምታውን ሁልጊዜ በክፉ እንዳትፈቱት እላለሁ፤ ለመናገር ሰዓቱን የሚጠብቅም አለ።

አደም መንግሥት ሲለወጥ ተመልሶ ውጫሌ ተቀመጠ፤ ልጆች ወልዷል። ይቅር ብለኸዋል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አዎ ብዬ ለመማል አልደፍርም። ዛሬም አንዳንዴ፣ ይማም በእርግጥ በራሱ ፈቃድ ነው የገባው ወይስ ይሄ ሰው ጠርቶት፣ ብዬ እጠረጥራለሁ። ገበያ ላይ ስንገናኝ እሱ ነው ቀድሞ እጁን የሚዘረጋው። እጨብጠዋለሁ። ክረምት ሲሆን ግን ትንሽ እዘገያለሁ። እሱም ያውቃል፤ እጁን ሳያጥፍ ይጠብቀኛል።