ቆሜ የዋልሁበት ምክንያት

የያዙኝ ፒያሳ አጠገብ ካለችው ባለ አንድ ክፍል ቢሯችን ነው። ሥራዬ በየገጠሩ ላሉ ተማሪዎች የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት በፖስታ መላክና የመለሱትን ማረም ነበር። ወቅቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ነው። ሁለት የጸጥታ ሰዎች ገብተው አድራሻዎቹን አገላበጡ።

"ጫካ ላሉት ነው የምትልኪው?" አለኝ አንደኛው። መልሴን ሳይሰማ ወደ መኪናው ገፋኝ።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ሳይሆን አይቀርም፤ ነቀዝ ነቀዝ ይሸታል፤ በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ማሽላ ቀርቷል። አንዲት እናት ብቻ ነበሩበት። ከአይከል ከተማ በኩል ናቸው። ልጃቸው ተፈልጎ ስለታጣ እሳቸውን አመጧቸው።

"ምነው ልጄ፣ አንቺን ደግሞ በምን ያዙሽ?"

ነገርኋቸው።

"ጴንጤ ነሽ?"

"አዎ፣ እትየ።"

ምንጣፋቸውን ወደ ግድግዳው ሳብ አደረጉ። "አልጠላሁሽም። አብሬሽ ግን አልበላም" አሉ። ከዚያ ወዲያ ምግብ ሲመጣ ፊታቸውን አዙረው ይበላሉ።

አንድ ማለዳ የወር አበባዬ ያለ ጊዜው መጣ። ቀሚሴ ከኋላ ርሷል፤ ቅያሪ የለኝም። ዘበኛው በሩን ከፍቶ "ለምርመራ ተነሽ!" ሲለኝ ጉልበቴን አቅፌ ከተቀመጥሁበት አልተነሣሁም።

"አትሰሚም? ንቀሽኝ ነው?"

እትየ ጎንበስ ብለው አዩኝ። "አደፍሽ ነው?" አሉኝ በሹክሹክታ። ራሴን ነቀነቅሁ። በእሳቸው ሥርዓት እንዲህ ያለች ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ የባሰ ይርቁኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ተነሥተው በእኔና በዘበኛው መካከል ቆሙ።

"በሩን ዝጋ። ስጠራህ ትከፍታለህ" አሉት።

ዘበኛው እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ በሩን ዘጋው። እስረኛ ዘበኛን ሲያዝዝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ነጠላቸውን በጥርሳቸው ይዘው ቀደዱት። አጣጥፈው ሰጡኝና ጀርባቸውን አዙረው ቆሙልኝ። ከምንጠጣው ውኃ ቀንሼ ቀሚሴን ፈተግሁት። ደሙ አልለቀቀም።

ምርመራ ክፍሉ ስደርስ መርማሪው ወንበር አሳየኝ። ብቀመጥ ወንበሩ ላይ ምልክት እንደሚቀር አውቃለሁ።

"ቆሜ ይሻለኛል።"

"በማን ላይ ነው የምትኮሪ?"

ጀርባዬን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ። "እንግዲያው ቁሚ" ብሎ ሲመሽ ነው የለቀቀኝ። እግሬ አብጦ ስመለስ እትየ "ተቀመጥሽ እንዴ?" አሉኝ።

"አልተቀመጥሁም።"

"ሸጋ።" ራታቸውንም እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን አዙረው በሉ።

በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ። ቆሜ መዋሌን ብቻ ለአንዲት እኅት ብነግራት፣ ወሬው በጉባኤያችን ውስጥ የእምነት ድፍረት ሆኖ ዞረ። ሲያነሡት አንገቴን እደፋለሁ፤ እነሱ ትሕትና ይመስላቸዋል።

ዘንድሮ ለሴቶች እንድመሰክር ተጠራሁ። የቀሚሱንም የነጠላውንም ነገር ሳልደብቅ ተናገርሁ። አንዳንዶቹ መሬት መሬት ያያሉ። ከኋላ አንዲት ሴት እጇን አወጣች።

"እኒያ እናት ስማቸው ማን ይባላል? እንጸልይላቸው።"

ፊታቸውን አይቼ የማላውቃቸውን ተማሪዎች ከነአባታቸው ስም በቃሌ አውቃለሁ። የእሳቸውን ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

"እትየ ነበር የምላቸው" አልሁ።

እንደዚያው ብለን ጸለይንላቸው። ዓይኔን ጨፍኛለሁ፤ ፊቴ ግን እስከ ጆሮዬ ድረስ ይነድድ ነበር።